የምኞት ሻይ

አምቦ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ ጉታ፣ ናይሮቢ

ባሉበት የእግዚአብሔር ሰላም አይለይዎ። እኔና እናቴ ዓለሚቱ፣ ስሙ የተመሰገነ ይሁን፣ ደህና ነን። እናትዎ እትዬ ወርቅቱም ደህና ናቸው። ባለፈው እሁድ ጉደር ወርጄ አብሬያቸው ዋልኩ። ጆሯቸው ከበድ ከማለቱ በቀር ግቢያቸውን ዛሬም ራሳቸው ናቸው የሚጠርጉት። እናቴ «የአክስቴ ልጅ እኔን ሳትቀብር አትሞትም» እያለች ትስቃለች።

ደብዳቤ የጻፍኩልዎ ስልኩን ስለፈራሁት ነው። አሁን አሁን ሰው ድምፄን ሲሰማ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይለኛል። ላም የምታልብ ጎረቤታችን እንኳን ስብሰባ ላይ ነኝ ብላኛለች። እርስዎም እንደዚያ እንዳይሉኝ ብዬ ደብዳቤውን ለነጋዴው ለሂርጳ ሰጠሁት። ዕቃ ሊያመጣ ሞያሌ ስለሚመላለስ፣ ከዚያ ለናይሮቢ ሾፌሮች አቀብልልሻለሁ ብሎኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማኔጅመንት ተመርቄ ሁለት ዓመት ሙሉ የዞኑ መሥሪያ ቤቶች ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜያለሁ። ዘበኞቹ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ «ዛሬም የለም» ይሉኛል። ነሐሴ ላይ አብራኝ የተማረችው ሃዋኒ ደወለችና «ማርኬቲንግ ነው፤ ቢሮ የለው፣ አለቃ የለው» አለችኝ። ከውጭ የሚመጣ የዕፅዋት ሻይ መሸጥ ነው። ሻዩን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም እንሸጣለን። ሰው ከሥሬ ይገባል፣ እሱም ሌላ ያስገባል፣ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ለእኔ ይደርሳል። ከእኔ በላይ ሃዋኒ አለች፤ ከእሷ በላይ ኢዮሲያስ የሚባል ከአዲስ አበባ የሚመላለስ ሰው አለ። እኛ «አፕላይን» እንለዋለን። ለመግቢያው እናቴ የጆሮ ወርቋን ሰጠችኝ።

ግን አልሆነልኝም። ኢዮሲያስ «ስለ ሻይ ብለሽ ከጠራሻቸው አይመጡም፤ መጀመሪያ ቤት አስገቢያቸው» ስላለኝ የእናቴን የእድር ሴቶችና ሽማግሌዎቹን «ማክሰኞ ከሰዓት ጠበል ጻዲቅ ቅመሱልን» ብዬ ጠራኋቸው። ነጭ ለብሰው መጡ። ሲገቡ ኢዮሲያስ በሙሉ ልብስ ቆሞ ግድግዳው ላይ የመኪናና የፎቅ ሥዕል ያሳያል። ጡረታ የወጡት መምህር፣ ኦቦ ለሜሳ፣ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ተነሡ። «ልጄ፣ በጻድቁ ስም ነው የጠራሽኝ?» አሉኝና ወጡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏቸው። እናቴ ከዚያ ወዲህ እድር ቤት ሄዳ ከኋላ ነው የምትቀመጠው።

ፌስቡክ ላይም በሰው መኪና ተደግፌ ፎቶ እየተነሣሁ «ሕይወቴ ተቀየረ» እያልኩ እለጥፋለሁ። መኪናው የማን እንደሆነ መላው አምቦ ያውቃል።

ጋሼ፣ ፈርቻለሁ። ይህ ካልሆነልኝ ወደ ሰሌዳው ልመለስ ነው። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ሲሸጡ ኖረዋል፤ የት ላይ እንደምሳሳት ይንገሩኝ። ደግሞም ክራቫት አድርገው መኪና አጠገብ የተነሡት ፎቶ ካለ ይላኩልኝ። «ይህ ወንድሜ ነው፣ በዚህ ሥራ ነው እዚህ የደረሰ» ብል ሰው ያምነኛል።

ፈጣሪ ጤናዎን ያብዛልዎ።

እህትዎ ምኞት ዘገየ


ናይሮቢ፣ ኅዳር 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ ለምኞት

አካም ጅርቱ? አንቺም ዓለሚቱም ሰላማችሁ ይብዛ፣ ደጃችሁ በጎ ሰው አይጣ። ደብዳቤሽ ጫፉ ዘይት ነክቶት፣ መሐሉ ግን ደህና ሆኖ ደረሰኝ። እንኳን ጻፍሽልኝ። በስልክ ሰው ሁሉ «ደህና ነኝ» ነው የሚለው፤ በጽሑፍ ግን ሰው መዋሸት ይደክመዋል።

ፎቶውን አልልክም። ክራቫት የለኝም፤ የምነዳውም የድርጅቱን ሞተር ሳይክል ነው። የሶላር መብራት ጭኜ ከተማው ዳር ዳሩን እዞራለሁ፤ ውሻ ይነክሰኛል፤ ቀን ሲቀናኝ እሸጣለሁ። ይህን ለማንም ማሳየት ትችያለሽ። ባላገኘሽው ኑሮ ግን ሰው አትጥሪ። አንድ ቀን «እስቲ ቤትሽን አሳዪን» ይሉሻል።

ለጠበል ጻዲቁ ነገር ኦቦ ለሜሳ ዘንድ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂ። አስተማሪዬ ነበሩ፤ ቂም አይዙም፣ ግን አይረሱም። ሰው ለአንድ ነገር ተጠርቶ ሌላ ሲቀርብለት፣ የቀረበው ነገር ወርቅ ቢሆንም መታለሉን ነው የሚያስበው። ሻይ ከሆነ ሻይ በይ። ያልፈለገ ይቅር።

ሌላው፣ ከጻፍሽው ሁሉ ውስጥ ሰው የነገረሽ አንድም ነገር አላነበብኩም። ሁሉም አንቺ ያልሽው ነው። ጀማሪ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ዝም ካለ ገበያው የሚያመልጠው ይመስለዋል። እኔ ሰው ቤት ስገባ መብራቱን ከቦርሳ አላወጣም። ልጆቹ ማታ በምን እንደሚያጠኑ እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ዝም እላለሁ። ሰውየው ራሱ ጨለማውን ይነግረኛል።

ደግሞ ዕቃው የማያደርገውን ያደርጋል አትበይ። ከእኔ ጋር የጀመረ አንድ ኬንያዊ ነበር፣ አፉ ማር። ለአንዲት ዶሮ አርቢ «እስኪነጋ ይበራል» ብሎ ሸጠላት። መብራቱ መንፈቀ ሌሊት ላይ ጠፋ፣ ሌባ ዶሮዎቹን ጠርጎ ሄደ። ሴትዮዋ በማግስቱ የምንሸጥበት ቦታ መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። አልጮኸችም፣ ገንዘቤን አላለችም፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ አየችው። ሰውየው ከዚያ ወዲህ እዚያ ሰፈር አልተመለሰም። መብራት ነው እንግዲህ። የእናንተው ደግሞ ሰው ሆድ ውስጥ የሚገባ ነው። ውስጡ ምን እንዳለ አልጻፍሽልኝም። ማን ነው የሚጠጣው?

ስለ እማዬ ጠይቂልኝ። ስደውል «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ብላ፣ ጠጣ» ብላ ትዘጋዋለች፤ የምለው አይሰማትም። የደም ግፊቷን ኪኒን በየቀኑ ትወስዳለች ወይ? ይህን አይተሽ ጻፊልኝ።

ጉታ


አምቦ፣ ጥር 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለተወደዱ ወንድሜ ለጋሼ ጉታ

የጥምቀቱ ጌታ በረከቱን ያሳድርብዎ። ሳልጽፍ በመቆየቴ አይቀየሙኝ፤ እግሬ አላርፍ ብሎ ነው።

ጋሼ፣ ምክርዎ ሠራልኝ። ኦቦ ለሜሳን ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ «ከአሁን በኋላ በስሙ ጥሪ» ብለው ውኃ አጠጡኝ። ፌስቡኩን ተውኩት። ሰው ቤት ስሄድም ሻዩን ከቦርሳዬ አላወጣም። እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ዝም እላለሁ። ሰው ለካ የሚጠይቀው አጥቶ ነው። ጉልበቱን፣ ጨጓራውን፣ እንቅልፍ ማጣቱን፣ ሁሉንም ይነግረኛል። አንዳንዱ ሲናገር ያለቅሳል።

ጊንጪ ገበያ ላይ ኦሊቃ የሚባሉ ገበሬ አገኘሁ፤ ከደንዲ፣ ከሐይቁ ወገን የመጡ። ጤፋቸውን ሸጠው ጨርሰው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ተቀምጬ ስለ ቤታቸው ጠየቅኳቸው። ዱሬቲ የምትባል ልጅ አለቻቸው፣ የሚጥል በሽታ ያለባት። መድኃኒቷን ለማምጣት ከተማ በወጡ ቁጥር አንድ የሥራ ቀን ይባክናል፤ አንዳንዴም አልቋል ይባላሉ። እኔ ብዙም አልተናገርኩ። ሻዩን ራሳቸው ናቸው «ስጪኝ» ያሉኝ። ሲሄዱ ግንባሬን ሳሙኝ።

በታኅሣሥ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ መድረክ ላይ አወጡኝ። «ከምዕራብ ሸዋ» ብለው ስሜን ሲጠሩ ሰው ሁሉ ቆሞ አጨበጨበ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ማይኩን ሳልቀበል ወረድኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ኢዮሲያስ «የስኬት ፍርሃት ነው፣ ይለቅሻል» አለኝ።

እትዬ ወርቅቱ ፊታቸው በርቷል። ሲደውሉላቸው ስለ እኔ ሥራ ባያነሡባቸው ደስ ይለኛል፤ ጆሯቸው ስለሚከብድ ነገሩ እንዳይደናገራቸው ብዬ ነው።

ጤና ይስጥልኝ።

ምኞት


ናይሮቢ፣ የካቲት 5 ቀን 2011 ዓ.ም.

ምኞት

ሰላምታውን እግዚአብሔር ያድርስልኝ፤ እኔ አልቻልኩም።

ስለ ኪኒኑ ጠይቄሽ ነበር። ስለ ፊቷ ጻፍሽልኝ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ በየመሐሉ ያላልሽው ነገር ታየኝ። ወዲያው ለእማዬ ደወልኩ። እየጮኽኩ ስለ ኪኒኑ ስጠይቃት በመጨረሻ ሰማችኝ። «ትቼዋለሁ እኮ፤ የምኞት ሻይ አለልኝ» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። ከገና በፊት ጀምሮ። አንቺ ዘንድ ደወልኩ፣ አላነሣሽም። እንደገና ደወልኩ፣ ተዘጋ። ጎረቤቷን መምህር ቶሌራን አግኝቼ «አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ውሰድልኝ» አልኩት። ሲደርስ ግቢው ውስጥ፣ መጥረጊያው አጠገብ ወድቃ አገኛት።

አሁን አምቦ ሆስፒታል ናት። ይህን ታውቂያለሽ። ቶሌራ ኮሪደሩ ላይ እንዳየሽና እንደሸሸሽ ነግሮኛል። ግራ እጇ አይነሣም፣ አፏ ወደ አንድ ጎን ተሳቧል። እኔ ልመጣ አልችልም፤ የመኖሪያ ወረቀቴ እድሳት ላይ ነው፣ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። እዚህ ቁጭ ብዬ ግድግዳ አያለሁ።

ልሰድብሽ ነበር ብዕር ያነሣሁት። ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ያለችው ልጅ እንቅልፍ ነሳችኝ፤ ያች የደንዲዋ። አባቷ መድኃኒቷን አስተዋት ወይስ አላስተዋትም? የት ነው ቤታቸው? ሌላስ ማን ማን አለ? ጠይቀሽ ዝም ማለትን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ሰው ልቡን ሲከፍትልሽ ምን እንደምታስገቢበት ግን አልጠየቅኩሽም።

ይቅርታሽን አሁን አልፈልግም። ተነሺና ሂጂ። ሁሉንም ፈልጊያቸው።

ጉታ


አምቦ፣ መጋቢት 8 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለጋሼ ጉታ

በእግዚአብሔር ስም ሰላም ልበልዎ፤ ሰላምታዬን ባይቀበሉትም አልፈርድብዎትም። እናትዎ ከሆስፒታል ወጥተው እኛ ቤት ናቸው። እናቴ ነች «ሌላ ቤት አትሄድም» ያለችው። ኪኒናቸውን ጠዋት ጠዋት በዓይኔ እያየሁ ይውጣሉ። እጃቸው ጥቂት መንቀሳቀስ ጀምሯል። ሲናገሩ ቃሉ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው።

እውነቱን ልጻፍ። እትዬ ወርቅቱ ሻዩን በጀመሩ ሰሞን «ኪኒኑን ልተወው ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ይተዉት አላልኩም። አይተዉት አላልኩም። «ብዙ ሰው ትቶታል» ነው ያልኩት። ኢዮሲያስ እንዲህ በሉ ብሎ አሰልጥኖናል። «ተፈጥሮና ኬሚካል አይስማማም፤ ምርጫው የደንበኛው ነው» በሉ ይለናል። ለኦቦ ኦሊቃም ይህንኑ ነው ያልኩት።

እርስዎ ሲደውሉ ስልኩን እያየሁት ነበር። ስምዎ ሲበራ ትራሱን አስቀምጬበት ላዩ ላይ ተቀመጥኩ። ለሃዋኒ ስነግራት ፊቷ ነጣ፤ ከዚያ ኢዮሲያስ ዘንድ ደውላ ስልኩን ሰጠችኝ። እሱ «ሰውነት መርዙን ሲያወጣ መጀመሪያ ይብሳል፤ ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። እናገራለሁ ስለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የሸጥሽው አንቺ፣ የፈረምሽው አንቺ። ጤና ቢሮ ቢመጣ እኔን አያውቀኝም» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የበር ኳኳታ ስሰማ ጓዳ እገባለሁ። ፍርሃቴ ግን ሁለት ሆነ። ሰው መጥቶ እንዳይዘኝ እፈራለሁ፤ ከዚያ የበለጠ ደግሞ እኔ ሳልደርስለት የሚወድቅ ሰው እንዳይኖር እፈራለሁ።

የእርስዎ ደብዳቤ ሲደርሰኝ በአምቦና በጉደር ቤት ለቤት መዞር ጀምሬ ነበር። «ሻዩ መድኃኒት አይደለም፤ ወደ ሐኪማችሁ ተመለሱ» እያልኩ። አንዳንዱ ሰድቦኝ ሻዩን ደጅ ወረወረው። ይህ ቀላሉ ነው። የከበደኝ የሚስቁት ናቸው። አንዲት ሴት «ምነው፣ አዲስ ሻይ መጣ እንዴ?» አለችኝ። አንዱ ሽማግሌ «ተጣልተሻቸው ነው እንጂ ሻዩስ ጥሩ ነው» ብለው ፊቴ ቀድተው ጠጡ።

ኦቦ ኦሊቃን ሁለት የገበያ ቀን ጊንጪ ጠብቄ አጣኋቸው። በሦስተኛው፣ የሚያውቃቸው አንድ ባለ ጋሪ የቀበሌያቸውን ስም ነገረኝና ሄድኩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናኦሚም አብራኝ ገባች። ግቢያቸው ከኮረብታው ጥግ ነው፣ ሐይቁ ከታች ይታያል። ሲያዩኝ እጃቸውን ዘርግተው መጡ። ወንበር አወጡልኝ፣ እርጎ አቀረቡልኝ። ዱሬቲ ቀጭን ልጅ ናት፣ ሳቂታ፣ ጥጃ እየጎተተች ታልፋለች። እርጎውን ሳልቀምስ አስቀመጥኩት።

«ኦቦ ኦሊቃ፣ የነገርኩዎት ስህተት ነው። መድኃኒቷን ይመልሱላት» አልኳቸው እያለቀስኩ።

«ካንቺ ሻይ ወዲህ አልወደቀችም» አሉ።

ናኦሚ «አባባ፣ በሽታው ይሸሸጋል እንጂ አልሄደም። መድኃኒት በድንገት ሲቆም ደግሞ ይብሳል» አለቻቸው።

«እናንተ ስትሰጧት እኮ ትወድቅ ነበር» አሏት፣ በትሕትና። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ማን አስፈራራሽ? ያን ቀን ዓይንሽን አይቼዋለሁ። ውሸት አልነበረበትም። ዛሬ ነው ዓይንሽ የሚሸሸው። ኪኒኑን ምድጃ ውስጥ ጥዬዋለሁ።»

ጋሼ፣ ያን ቀን ያመኑኝን ያህል ዛሬ አያምኑኝም። ልቅሶዬን እንኳን ሰው አስገድዷት ነው አሉ። ስወጣ ልጅቷ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። ከአጥሩ ማዶ ሴቶች ከሐይቁ ወገን ውኃ ይዘው ይወጣሉ። እሷም ብቻዋን ትወርዳለች ወይ ብዬ ስጠይቃት «ኤዬ፣ በየቀኑ» አለችኝ።

ምን ላድርግ? ይንገሩኝ።

ምኞት


ናይሮቢ፣ መጋቢት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእህቴ ለምኞት

ጾሙን በሰላም ያስፈጽማችሁ። ሂርጳን የምንጠብቅበት ጊዜ ስለሌለ ደብዳቤሽን ፎቶ አንሥተሽ በቴሌግራም መላክሽ ደግ ሆነ። እኔም እንደዚያው አደርጋለሁ።

ስልክሽን ማንሣት ስለጀመርሽ አመሰግናለሁ። ትናንት ከእማዬ ጋር ያገናኘሽኝ ጊዜ የተናገረችው ግማሹ አልገባኝም ነበር። ድምፅዋን ደጋግሜ ሳስበው አሁን ገባኝ። «ልጅቷ ዘንድ ውሰዱኝ» ነው ያለችው። ደብዳቤሽን ዓለሚቱ ስታነብላት ሰምታለች መሰለኝ።

መጀመሪያ እምቢ ልል ነበር። መንገዱ ጎርበጥባጣ ነው፣ እሷም ገና አልበረታችም፤ ፈራሁ። ሐኪሟን ጠይቂ፤ ከፈቀደ ውሰጃት። ኦቦ ኦሊቃ ከአንቺ ቃል ሰምተዋል፣ ከናኦሚም ቃል ሰምተዋል። ቃል በቃል ላይ ብትጨምሪ አይገባቸውም። እማዬን ይዩዋት። በኦሮምኛ ታውራቸው፣ በገበሬ ቋንቋ፣ እንደ ጎረቤት። አንቺ ከጎኗ ቁጭ በይ፣ ከተጠየቅሽ ብቻ መልሺ።

ስለ ኢዮሲያስ ዛቻ ለኦቦ ለሜሳ ንገሪ፤ ጤና ቢሮም አብረውሽ ይሂዱ። ተይዤ ከምሄድ ራሴ እሄዳለሁ በይ። ፍርሃትሽ ባይለቅሽም ከመንገድ አያስቀርሽም።

ልጅቷን ግን ቶሎ። ሐይቁን ከጻፍሽልኝ ወዲህ ዓይኔን ስጨፍን ውኃ ነው የሚታየኝ።

ጉታ


አምቦ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሼ ጉታ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። በስልክ «ተሳክቷል» ብዬ ብቻ ስለዘጋሁት ይቅር ይበሉኝ፤ በአፌ መናገር አልቻልኩም።

ሐኪሙ ፈቀደ። እትዬ ወርቅቱን በሚኒባስ እስከ ጊንጪ፣ ከዚያ በባጃጅ ወሰድኳቸው። ባጃጁ በዘለለ ቁጥር ግራ እጃቸውን በቀኝ እጃቸው ይይዛሉ። ስንደርስ ኦቦ ኦሊቃ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ወጡ፤ እሳቸውን ሲያዩ ግን ቆሙ።

እናትዎ አልተቀመጡም። የጨዋታቸውን ግማሽ በኦሮምኛ፣ ግማሹን በእጃቸው አደረጉት። «አካም ኦልቴ፣ ኦቦ ኦሊቃ። አፌን እይ» አሉ። «እኔም ፊቴ በርቶ ነበር። እኔም ደህና ነኝ ስል ነበር። ግቢዬን እየጠረግኩ ነው የወደቅኩት። እኔ አሮጊት ነኝ፣ በደረቅ መሬት ወደቅኩ። የአንተዋ ልጅ የት ነው የምትወድቀው?»

ኦቦ ኦሊቃ ተጠግተው አዩዋቸው። ከዚያ «ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ?» አሏቸው።

«ይህች ናት» አሉ እናትዎ፣ ወደ እኔ እያመለከቱ። «የአክስቴ ልጅ ልጅ ናት። አሁን ኪኒኔን የምትሰጠኝም እሷው ናት። ያን ጊዜ አላወቀችም፣ አሁን አውቃለች። አንተም አሁን አውቀሃል።»

ኦቦ ኦሊቃ ቤት ገብተው ጋቢያቸውን ይዘው ወጡ። «ዱሬቲ፣ ነይ» ብቻ አሉ።

ባጃጁ ውስጥ ተጠጋግተን ተሳፈርን፤ ቦታ ስላነሰ ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ስለ ትምህርት ቤቷ እየነገረችኝ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ ድምፅዋ ቆመ። ዓይኗ ወደ ላይ ተገለበጠ፣ አንገቷ ደረቀ፣ ከዚያ መላ ሰውነቷ እጄ ላይ መንዘፍዘፍ ጀመረ። ያን የምታህል ቀጭን ልጅ መያዝ አቃተኝ። ጥርሷ ሲፋጭ ይሰማኛል፣ አረፋው እጅጌዬን አራሰው፣ ከንፈሯ ጠቆረ። ባለ ባጃጁ አቁሞ ክብሪት ለኩሶ ወደ አፍንጫዋ አመጣ። እትዬ ወርቅቱ በደህናው እጃቸው መልሰው ገፉት፤ «በጎኗ፣ በጎኗ» አሉኝ። በጎኗ አስተኛኋት። አባትየው መንገዱ ዳር ተንበርክከው እግሯን ያዙ።

ጋሼ፣ የሸጥኩበትን በሽታ ያየሁት ያን ቀን ነው። ጊንጪ ገበያ ላይ ስሙን ሰምቼ አንገቴን ዘንበል አድርጌ «አይዞዎት» ብዬ ነበር። ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ሕመሙ ከሄደላት በኋላ ተኛች። ጤና ጣቢያ ስናደርሳት ነርሷ መድኃኒቱን እንደገና ጀመረችላት፤ ለሚቀጥሉት ወራትም የናኦሚ ጽሕፈት ቤት ድረስ እንዲላክ ተነጋገርን፣ ኦቦ ኦሊቃ ከእንግዲህ ለዚያ ብለው ከተማ እንዳይወጡ። ለሻዩ የከፈሉትን ልመልስ ስል እጄን ገፉት። አልሰደቡኝም፣ ግንባሬንም አልሳሙኝም። በሩ ላይ ስንለያይ «እንዲህ ያልሽው ሌላስ ሰው አለ?» አሉኝ። «ሁሉንም አግኝቻለሁ» አልኳቸው።

ውሸት ነበር። ለእርስዎም አልጻፍኩልዎትም፤ እዚህ ላይ ልጻፈው።

በታኅሣሥ፣ ከአዲስ አበባ አዳራሹ በተመለስኩ ሰሞን፣ አምቦ መናኸሪያ ውስጥ የነቀምት አውቶቡስ ሊወጣ ሲል በመስኮት ለአንዲት ሴት ሸጥኩ። የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፣ በመርፌ ነው የምኖረው ብላ ነገረችኝ። ስሟን አልጠየቅኩም። አውቶቡሱ መንቀሳቀስ ሲጀምር አንገቷን አውጥታ «እህቴ፣ መርፌውን ልተወው?» አለችኝ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ሰው ይገፋፋል። እኔ ፈገግ ብዬ ራሴን ወደ ታች ነቀነቅኩላት።

ከኦቦ ለሜሳ ጋር ጤና ቢሮ ሄጄ ሁሉንም ተናግሬያለሁ፤ ሃዋኒም መጥታ ተናግራለች። ኢዮሲያስ ስልኩን ቀይሯል። የሚመጣው ይምጣ። እኔ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ እወርዳለሁ። ሾፌሮቹንና ረዳቶቹን እጠይቃለሁ፤ በየመስኮቱ ፊት አያለሁ። እስካሁን አላየኋትም።

እርስዎ ሾፌር ያውቃሉ፣ ሾፌር ደግሞ ሾፌር ያውቃል። በነቀምት መስመር የሚሠራ ሰው ካለ ይንገሩልኝ። ዕድሜዋ አርባ ቢሆናት ነው፣ ጠይም፣ ከላይኛው የፊት ጥርሷ አንዱ የጎደለ፣ ሰማያዊ ሻርፕ የጣለች። ምናልባት ጊምቢ ነው የምወርደው ያለች መሰለኝ። ካገኟት ስለ እኔ ምንም አይንገሯት። መርፌውን እንዳትተው ብቻ ይበሏት።

እግዚአብሔር ሁላችንን ይጠብቀን።

ምኞት